አራተኛው ትርጉም

መሪጌታ እንድሪያስ እንግሊዝኛን የተማሩት ከመምህር አይደለም፤ ከአንድ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱን ከፍኖተ ሰላም ገበያ፣ ከአሮጌ ጫማና ከማይሠራ ራዲዮ መሀል አንስተው ሲገዙት ሽፋን አልነበረውም። ከሽፋኑ ጋር «ኤ» የምትባለው ፊደል ከነቤተሰቧ ተገንጥላ ሄዳለች። በዚህ ምክንያት መሪጌታ በእንግሊዝኛ ዳቦና ቅቤ፣ ንጉሥና ጅብ ያውቃሉ፤ ጉንዳንና መልአክ ግን አያውቁም። አላስቸገራቸውም። ማንኩሳ አጠገብ ባለችው የገጠር ደብራቸው በእንግሊዝኛ ስለ መልአክ የጠየቃቸው ሰው እስካሁን አልመጣም።

መጽሐፉን የወደዱት ፈረንጅም አንድምታ እንዳለው ስላሳያቸው ነው። እሳቸው አንድ ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ያደጉ፣ አሁንም ይህንኑ የሚያስተምሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ፈረንጁ «አንድም» አይልም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ለየትርጉሙ ቁጥር ይሰጠዋል። «እኛ ዘንድ ትርጉሞቹ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ያድራሉ» ይሏቸዋል ለተማሪዎቻቸው፤ «እነሱ ዘንድ ለየራሳቸው ክፍል ተከራይተዋል።»

በገበያ ቀን ሰልባጅ የገዛ ጎረምሳ ሁሉ ልብሱ ደረት ላይ የተጻፈውን እያሳየ ይመጣል። «የኔታ፣ ምን ይላል?» ይላል። መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው ያነባሉ። አንዴ ባሏ የሞተባት ሴት የለበሰችው ሹራብ «ትናንት ማታ ሰክሬ ነበር» ይላል። መሪጌታ ደጋግመው አዩት። «ጌታ ይጠብቅሽ ነው የሚል» አሏት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ሹራቡን ለቅዳሴ ብቻ ነው የምትለብሰው። መሪጌታ ይህን ውሸት ነው አይሉም። «ከትርጉም ሁሉ ለሰውየው የሚስማማውን መስጠት ነው» ይላሉ።

ሌላም ሥራ አላቸው። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሥራ ደመወዝም ምስጋናም የለም፤ ወግ ግን አለው። ሽማግሌ አስከትሎ ጎህ ሲቀድ መሄድ፣ ጋቢ አጣፍቶ በዝምታ መግባት፣ መርዶ የሚነገረውን ሰው መጀመሪያ «ተቀመጥ እስኪ» ማለት፣ ከዚያ «ሰው ነን እንግዲህ» ብሎ ከሩቅ መጀመር። የሞተውን ሰው ስም ቶሎ የሚጠራ አረመኔ ነው። መሪጌታ በዚህ ወግ ብዙ ቤት ገብተዋል። ቀን በመንገድ ሲያገኟቸው የሚወዷቸው ሰዎች፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ደጃቸው ሲመጡ ካዩ ይሸሿቸዋል።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ምሕረት ከባጃጅ ወርዳ ወደ መሪጌታ ግቢ ገባች። ምሕረት የባዬ ልጅ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ጸጉር ቤት አላት። አባቷ ባዬ የመሪጌታ ጎረቤት፣ ከዚያም በላይ አበልጅ ነው፤ የባዬን ልጅ ወንዳወቅን ክርስትና ያነሡት መሪጌታ ናቸው። ወንዳወቅ በሐምሌ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል። በዚያ በኩል የስልክ መስመር ከጠፋ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ባዬ ከዚያ መስመር የመጣ መኪና ሁሉ እያስቆመ ይጠይቃል፤ ሾፌሮቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

ምሕረት አልተቀመጠችም።

«የኔታ፣ ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ያ በሽታ ነው አሉን ባሕር ዳር» አለች፣ ስሙን ሳትጠራ። «አንጀቱ ላይ ነው። አሁን ከመጣ ቆርጠን እናወጣዋለን፣ ከዘገየ ግን ይሠራጭበታል አሉን። ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት ቀጥረውናል።»

«እሱ አያውቅም?»

«እማዬ፣ ከነገራችሁት በበሽታው ሳይሆን በድንጋጤው ነው የሚሞት አለች። ያውም ወንዳወቅ በሌለበት።»

«ምን ነው አላችሁት ታዲያ?»

«ጨጓራ።»

«ለጨጓራ ባሕር ዳር ድረስ?»

«የባሕር ዳር ሐኪም የሚያየው ጨጓራ ነው አልነው። ብቻ እርስዎን ይሰማል፤ ከጠየቀዎት እንዲሁ ይበሉልኝ። ቀጠሮው ሲደርስ ለክትትል ነው ብለን ይዘነው እንሄዳለን።»

መሪጌታ እሺ አሏት። ለታመመ ሰው ሞቱን ፊት ለፊት መንገር በዚያ አገር የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የሚወዱትን ሰው ከክፉ ወሬ መሸፈን ብርድ ሲሆን ጋቢ እንደማልበስ ያለ የቤተሰብ ግዴታ ነው። እንዲያውም መሪጌታን ደስ አላቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ለዚያ ቤት ክፉ ነገር ሳይናገሩ በዝምታ ሊጠቅሙ ነው።

በማግሥቱ ባዬ ራሱ መጣ። ድሮ በሰፊ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው ነበር፤ አሁን ኮቱ ከሰውየው ቀድሞ የሚገባ ይመስላል። ቀልዱ ግን አልከሳም።

«አበልጄ፣ ቃል ይዤልዎት መጣሁ።»

«ከየት አገኘኸው?»

«ከሆስፒታል ነዋ። የኔን ልጆች የሚያክሉ ዶክተሮች አልጋዬን ከበው ሲማሩብኝ ነበር። ትልቁ ሆዴን ጫን ያደርግና ‹ግሮውዝ› ይላል። ልጆቹም ‹ግሮውዝ› እያሉ ይጽፋሉ። እኔ እንደ ደንቆሮ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ከዚያ በአፌ ይዤው ነው የመጣሁ። ዳንግላ ላይ ሊጠፋኝ ነበር። ቡሬ ላይ የማውቀው ሰው እንዴት ዋልክ ቢለኝ፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ መልስ አልሰጠሁት፤ እስከዛሬ ተቀይሞኛል።»

«ግሮውዝ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«እሱ ነው! እንኳን በደኅና አደረስኩት። በሉ ይፍቱልኝ።»

መሪጌታ መዝገበ ቃላቱን አወጡ። ገጹን የሚያውቁት አይመስሉም፤ ቀስ እያሉ ገለጡ፣ አለፉት፣ ተመለሱ። ከዚያ አገኙት። ትርጉሙ አራት ነበር። አራቱንም በዓይናቸው አነበቡ።

«አንድ» አሉ፤ «ማደግ። ከትንሽነት ወደ ትልቅነት መሄድ።»

«እሺ።»

«ሁለት። የአገር፣ የገበያ መበልጸግ። መንግሥት በራዲዮ የሚናገረው ነው።»

«እሱ እኔ ሆድ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ቆይ እንጂ። ሦስት። አዲስ የበቀለ ነገር። ቡቃያ፣ የዛፍ ለጋ። ጺም መብቀሉንም ይላል።»

ጣታቸው አራተኛው ላይ ደረሰች። «በሰው ወይም በእንስሳ አካል ውስጥ የሚወጣ እባጭ» ይላል። መሪጌታ ጣታቸውን አነሱና መጽሐፉን ዘጉት።

«ሌላስ?»

«በቃ።»

«ሦስት ብቻ? ይህን የሚያክል መጽሐፍ አሳትሞ?»

«ሦስት ነው።»

ባዬ በሸንበቆው መደብ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «እና የትኛው ነው እኔ ውስጥ ያለው?»

እዚህ ላይ መሪጌታ አላውቅም ቢሉ ይበቃቸው ነበር። ዝም ቢሉም ይበቃቸው ነበር። ነገር ግን ባዬ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው፤ ያቺ ሴትዮ ሹራቧን ለብሳ እንዳየቻቸው ሁሉ።

«አንደኛው ነው» አሉ። «አካል ከበሽታ ሲመለስ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ፣ እድገት አለው ይላሉ ሐኪሞች።»

የባዬ ፊት እንደተከፈተ መስኮት ሆነ።

«አይ አበልጄ! እኔም ጠርጥሬ ነበር። ታዲያ ምሕረት ኮሪደሩ ላይ ለምን አለቀሰች?»

«ደስ ብሏት ነዋ።»

«እናቷስ፣ ሀብትነሽ?»

«እሷም።»

«እኔ ሀብትነሽን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ለደስታ ስታለቅስ አንድ ቀን አላየሁም።»

«ከዚህ በፊት ባሕር ዳር ሄዳ አታውቅማ» አሉ መሪጌታ።

ባዬ እየሳቀ ወጣ። መሪጌታም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከባዬ ቀድሞ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ አየው። ባዬ ተነሣ። በርበሬ ለቀማ ደርሶ ስለነበር ሠራተኞቹን ቀድሞ ማሳ ይወርዳል፤ ሲያመው ከመስመሩ መሀል ቁጢጥ ብሎ ያሳልፈዋል። «ምነው አያ ባዬ?» ሲሉት፣ «እያደግሁ ነው፣ እድገት ደግሞ ያማል» ይላል። በማኅበር ጽዋ ላይ ቆሞ፣ የባሕር ዳር ዶክተሮች በእንግሊዝኛ የመሰከሩለትን፣ አበልጁም ተርጉመው ያጸደቁለትን ለማኅበርተኛው አስረዳ። ማኅበርተኛው እንኳን ደስ አለህ አለው። ግማሹ እውነቱን በሹክሹክታ ሰምቶ ስለነበር እንኳን ደስ አለህ ሲለው ጠላውን እያየ ነው። መሪጌታ ጥግ ላይ ተቀምጠው የዳቦ ፍርፋሪ ከጉልበታቸው ያራግፋሉ፤ ፍርፋሪ ግን አልነበረም።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ደረሰ። ሀብትነሽ ስንቅ ቋጠረች። ባዬ ግን አልሄድም አለ።

«ለምን ክትትል? ጨጓራ መስሏችሁ ነበር፤ እሱም ተሻለኝ። እድገት ላይ ያለ ሰው በርበሬውን ለሌባ ጥሎ ባሕር ዳር ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

ሀብትነሽ ለመነችው። ምሕረት ተቆጣችው። ነገር ግን የያዙት ማስፈራሪያ ጨጓራ ብቻ ነው፤ ጨጓራን ደግሞ የሚፈራ ገበሬ የለም። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ሳምንት አለፈ። ባዬን የበላው ሁሉ ያስመልሰው ጀመር።

ምሕረት እንደገና መጣች፤ አሁንም አልተቀመጠችም።

«የኔታ፣ አባዬን ምን ብለውት ነው?»

«እንዳልነግረው አላችሁኝ፣ አልነገርኩትም።»

«አይንገሩት አልንዎት እንጂ ድነሃል ይበሉት አልንዎት?»

መሪጌታ ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበላቸው ተማሪ አልነበረም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀሩ።

«እየሞተ ነው» አለች ምሕረት፤ ድምፅዋ ወረደ። «ባደገ ቁጥር ማውጣቱ ይከብዳል ብለውናል። እርስዎ ያሉትን ነው የሚያምን። ልቡ ውስጥ ያስገቡትን እርስዎ ያስወጡለት፤ እውነቱን ይንገሩት።»

ሀብትነሽም ተጠይቃ እሺ አለች። «ይነገረው» አለች። «እኔ ግን አልችልም፤ ልጅም ለአባቷ አትነግርም። በወጉ ይነገረው፤ ሽማግሌ ይዘው ይምጡለት።»

መሪጌታ የእድሩ ዳኛ ስመኘው ዘንድ ሄዱ። ስመኘው ደረቅ፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ፊት ነው ያለው።

«ላልሞተ ሰው መርዶ?» አለ።

«መርዶ አይደለም። በሽታውን መንገር ነው።»

«መቼ ይሁን?»

«ጎህ ሲቀድ፤ ለሥራ ሳይወጣ።»

«ስንት ሆነን?»

«ሦስት። ሽማግሌውን ክንዱን እንጨምር።»

«ከፊት ማን ይገባል?»

«እኔ።»

«መርዶ ነው» አለ ስመኘው።

መሪጌታ ተቆጡት። ሌላ መንገድ ካለ ንገረኝ አሉት። ስመኘው ትንሽ አሰበና የለም አለ። ክፉ ነገር ወደ ሰው ቤት የሚገባበት ሌላ በር ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሦስቱ መንገድ ጀመሩ። ጤዛ ነበር። የባዬ ውሻ ስለሚያውቃቸው አልጮኸም። ግቢው ውስጥ ቀይ በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ አድሯል፤ ባዬ ከጎኑ ቆሞ በጣሳ ውሃ ፊቱን ይታጠባል። ቀና ሲል አያቸው። ከፊት መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ከኋላ ስመኘው። ከስመኘው ኋላ ክንዱ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጣሳው ከባዬ እጅ ወደቀ።

«እንዴት አደርክ ባዬ» አሉ መሪጌታ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ደኅና ነን። ተቀመጥ እስኪ።»

ቃሏ ከአፋቸው እንደወጣች ምን እንዳደረጉ አወቁ። ሊመልሷት አፋቸውን ከፈቱ፤ ባዬ ግን ቀደማቸው።

«ወንዳወቅ ነው?»

«መጀመሪያ ተቀመጥ አያ ባዬ» አለ ስመኘው፣ ሥርዓቱ እንዳይፈርስ።

«ሰው ነን እንግዲህ» አለ ክንዱ፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ።

«ልጄን!» አለ ባዬ። ከነሙሉ አካሉ በርበሬው ላይ ወደቀ። «ወንዳወቄን! ልጄን! ሰሊጥ ይቅርብህ ብዬው ነበር! ሬሳውን እንኳ ሳላይ!»

ሀብትነሽ ከቤት ሆና ባሏ እስኪነገረው እየጠበቀች ነበር። ለምን እንደመጡ የምታውቀው እሷ ናት፤ የላከቻቸውም እሷ ናት። ነገር ግን የልጇን ስም በለቅሶ ዜማ ስትሰማ ያወቀችው ሁሉ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን ሌላ ወሬ ሰምተው መጥተዋል ብላ ነጠላዋን ጥላ ወጣች። «ወይኔ ወንዳወቅ!» ደረቷን መታች። ከአጥሩ ማዶ ማሚቱ «ኡ!» አለች። ከማሚቱ ቀጥሎ ያለው ቤት ተቀበለ። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ እየሮጠ መጣ፤ ወንዱ ዱላውን እንደያዘ፣ ሴቱ መቀነቱን እያሰረ። አንዱ ጎረምሳ ቄስ ለመጥራት ፈረጠጠ።

«ኧረ እሱ አይደለም!» ትላለች ምሕረት ከዚህ ወደዚያ እየተገፋች። «ኧረ ስሙኝ፣ እሱ አይደለም!»

የሚሰማት አልነበረም። እንዲያውም አንዷ ሴት አቅፋት፣ «አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ እንዲህ ያስክዳል» አለቻት።

መሪጌታ በለቅሶው መሀል ቆመዋል። «ወንዳወቅ ደኅና ነው!» ብለው ለመጮህ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ደኅና መሆኑን በምን ያውቃሉ? መተማ ላይ ምን እንደሆነ የሰማ የለም። ጥሩ ነው ብለው የሰጡት አንድ ቃል ይህን ሁሉ አምጥቷል፤ ሁለተኛ ሊሰጡ ነው?

«ስለ ወንዳወቅ የሰማነው የለም!» ብለው ጮኹ። ማሕሌት የመራ ድምፅ ነውና ግቢው ዝም አለ። «ክፉም አልሰማንም፣ ደግም አልሰማንም! የመጣነው ስለ እሱ አይደለም። ስለ ባዬ ነው!»

ባዬ ከበርበሬው ላይ ቀና አለ። ፍሬው ጉንጩ ላይ ተጣብቋል። በርበሬው ዓይኑን ስላቃጠለው በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው።

«ስለ እኔ?»

«ስለ አንተ።»

«እኔ እዚሁ አለሁ አይደል እንዴ?»

መሪጌታ ከፊቱ ቁጢጥ አሉ። ከሩቅ መጀመር የሚባለውን ነገር ፈለጉት፤ አላገኙትም።

«ታመሃል ባዬ። ጨጓራ አይደለም። አንጀትህ ላይ እባጭ አለ፤ ያ ክፉ በሽታ ነው። ካላወጡት ይገድልሃል። ዶክተሮቹ ግሮውዝ ያሉት እሱን ነው።»

«እድገት ነው አላሉኝም?»

«እድገትም ይላል። አራተኛ ትርጉም ነበረው። አላነበብኩልህም።»

ባዬ በአንድ ዓይኑ ብዙ አያቸው።

«ወንዳወቅ አልሞተም?»

«አልሰማንም አልኩህ።»

«የምሞት እኔ ነኝ?»

«ካልታከምክ።»

«እኔ ብቻ?»

«አንተ ብቻ።»

«ተመስገን» አለ ባዬ። ሳቀም። ሆዱን ይዞ፣ ሆዱ እያመመው፣ እንባውን በበርበሬ እጁ እየጠረገና ይበልጥ እያነባ ሳቀ። ለቀስተኛው ተያየ። ማሚቱ እጇ ገና አናቷ ላይ ነው፤ ታውርደው አታውርደው አላወቀችም።

«ታዲያ ለማን ነው የምናለቅስ?» አለች ቀስ ብላ።

ስመኘው ሰዉን በትኑ በትኑ እያለ ወደ በሩ መራ። አንዳንዱ ሲሄድ «እንኳን እግዜር አተረፈው» ይላል፤ አንዳንዱ «እግዜር ያጥናህ» ይላል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም ብሎ ይሄዳል።

ግቢው ጭር ሲል የባዬም ሳቅ አለቀ። ምሕረት ውሃ አምጥታ ዓይኑን አጠበችለት። እሱ ግን ወደ መሪጌታ ዞረ።

«መቼ አወቁ?»

«ቃሉን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት።»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

መሪጌታ ወደ በሩ ተመለከቱ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ገና ከአጥሩ ጥግ አልጠፉም።

«ብዙ» አሉ።

«ማኅበሩ ላይ ስፎክር ያውቁ ነበር?»

«ግማሹ።»

ባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ሞቴን ሁሉ ሰው ይዞት፣ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ስዞር ከረምኩ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ የተበተነውን በርበሬ ወደ ሰሌኑ ይሰበስብ ጀመር። ክንዱ ሊያግዘው ቢጎነበስ፣ ተወው አለው። መሪጌታ ሲለቅሙ ግን ይተዉት አላላቸውም፤ አላያቸውምም። ሰብስቦ ሲጨርስ፣ «ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለ። «መሪጌታም አብረውኝ ይሄዳሉ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አበልጄ ብሎ እንጂ መሪጌታ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

ሚኒባሱ በየቦታው እየቆመ ነው የሄደው። ባዬ በሚኒባሱ መስኮት በኩል፣ ምሕረት በመሀል፣ መሪጌታ በዳር ተቀመጡ። ቡሬን አለፉ፤ እንጅባራን አለፉ። ሰላም ላሉት ሰዎች ሁሉ ባዬ መልስ ሰጠ። መሪጌታ አንዴ «ያምሃል?» ብለው ጠየቁት።

«ምን ልበልዎት?» አለ ባዬ። «የሚስማማዎትን ይንገሩኝና እሱን ልበል።»



ሆስፒታሉ ውስጥ ብዙ ጠበቁ። ምርመራው ተደግሞ ሲያልቅ አንዲት ወጣት ዶክተር አስገባቻቸው። ወንበሯን ወደ ባዬ አስጠግታ ተቀመጠች። በእንግሊዝኛ አልጀመረችም።

«አባቴ፣ ቀጠሮዎን አሳልፈዋል» አለችው። «ያኔ አንድ ቦታ ላይ ነበር። አሁን እባጩ ጨምሯል፤ አጠገቡ ያለውንም ነክቷል። ሆድዎን ከፍተን የምንችለውን እናወጣለን። ሁሉም ይወጣል፣ ይድናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ምሕረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባዬ ዶክተሯን ሰምቶ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ምን አለች?»

ዶክተሯ ግራ ገባት። «በአማርኛ እኮ ነው የነገርኩዎት።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። እሳቸው ይበሉት።»

መሪጌታ በትራቸውን ጨበጡ። ተማሪ ሳሉ የሰሙትን ዜማ አንዲት ምልክት ሳያጓድሉ እንደሚመልሱት ሊመልሱት ሞከሩ። ድምፃቸው ግን የተማሪም የመምህርም አልሆነ።

«ቀጠሮህን አሳልፈሃል። እባጩ ጨምሯል። አጠገቡ ያለውንም ነክቷል። ከፍተን የምንችለውን እናወጣለን። ሁሉም ይወጣል፣ ይድናል ብዬ ግን አልዋሽም አለች።»

«‹አለች› ይተዋት። የራስዎን ይበሉ።»



«ትድናለህ ብዬ አልዋሽህም» አሉ።

ባዬ ከዚያ ጠዋት ወዲህ በሁለቱም ዓይኖቹ ፊታቸውን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። አላሳቀውም፤ አላስቆጣውምም። ያገኘውን የተቀበለ ሰው ይመስላል።

«በይ እንግዲህ» አለ ወደ ዶክተሯ ተመልሶ። «መቼ ነው የምትከፍቱኝ?»